ከሮድስ እስከ ቆጵሮስ፦ በሸራ ጀልባ ከወፎች ጋር

ጳጉሜን 1፣ ሮድስ

ማንድራኪ ወደብ ከደረስን ጀምሮ ካፒቴናችን ስለ ነፋስ ብዙም አላወሩም። የሚያወሩት ስለ አይጥ ነው።

ጀልባዋ 12 ሜትር ርዝመት ያላት ባለ አንድ ምሰሶ የሸራ ጀልባ ናት። ብርዱን የምታሳልፈው ቆጵሮስ ስለሆነ ወደዚያ ልናደርሳት ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ከአቴንስ የመጣነው ገመድ ለመሳብና ሌሊት በተራ ለመጠበቅ ነው። ካፒቴኑ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የሮድስ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም የሚጠሩን "ልጄ" እያሉ ነው።

አይጥ የሚገባው በገመድ ነው። ጀልባዋ በታሰረችበት ገመድ ላይ ማታ ማታ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ትልልቅ መርከቦች ገመዳቸው ላይ ክብ ቆርቆሮ ያስገባሉ። እኛ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጠን ገመዱን በውስጡ አሳለፍነው። አይጡ ጠርሙሱን ሲረግጠው ይሽከረከርና ውሃ ውስጥ ይጥለዋል። ለአይጥ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው የሚል ካለ፣ አይጥ የሚበላው ዳቦ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ይልጣል፣ የውሃ ቱቦ ይቀረጥፋል። ባሕር መሃል ቱቦ ተበሳ ማለት ጨዋታ አይደለም።

ቀጥሎ በረሮ መጣ። የገዛነውን አስቤዛ ሁሉ ወደቡ ላይ ከካርቶን አወጣነውና ካርቶኑን እዚያው ጣልነው። በረሮ እንቁላሏን የምታስቀምጠው ካርቶኑ መታጠፊያ ውስጥ ነው። ድንቹንና ሽንኩርቱን አጥበን ፀሐይ ላይ አደረቅን። እህቴ ሽሮዋንና በርበሬዋን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ አጥብቃ ከደነች።

ምሰሶው ጫፍ ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳይ ስስ መሣሪያ አለ። ጠዋት ሲጋል የሚባለው ትልቅ የባሕር ወፍ ተቀምጦበት ነበር። ካፒቴኑ ምሰሶውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ወፉ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ አንዱን የወደብ ጎረምሳ በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ሰቅለው ምሰሶው ጫፍ ላይ ቀጭን የቆመ ሽቦ አሳሰሩ። ሽቦው አይወጋም፤ የሚቀመጡበት ቦታ ብቻ ያሳጣቸዋል።

ጳጉሜን 2፣ ሊንዶስ

አጭር ጉዞ ነው። ሊንዶስ የደረስነው ምሳ ሳይደርስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ አርፎበታል እየተባለ የሚነገርለት ትንሽ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መልህቅ ጣልን። ምሳ እንደቀረበ ተርቦቹ መጡ።

በዚህ ወር እዚህ ደሴቶች ላይ ሁሉም ነገር ደርቋል። ተርብ ውሃና ሥጋ ይፈልጋል፣ ጀልባ ላይ ሁለቱም አለ። እህቴ በፎጣ ልትመታ ስትነሳ ካፒቴኑ እጇን ያዙ። የተጨፈለቀ ተርብ ሌሎቹን የሚጠራ ሽታ ይለቃል። አንድ ስትገድል ብዙ ትጠራለህ ማለት ነው።

መፍትሔያቸው ቡና ነው። የተፈጨ ቡና ቆርቆሮ ላይ አድርገው ለኮሱት። አይነድም፤ ቀስ እያለ ይጨሳል። እዚህና ማዶ ቱርክ የባሕር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እህቴ ግን አንጀቷ አልቻለም።

"ኧረ ካፒቴን፣ ይሄ እኮ የሚጠጣ ነው!"

"ለተርቡ ርካሹን ነው የማጨስለት ልጄ፤ ጥሩው ላንቺ ተቀምጧል" አሏት።

ሌላም አደረጉ። ቁራጭ ሥጋ በሳህን አድርገው ጀልባዋ አፍንጫ ላይ፣ ከእኛ በጣም ራቅ አድርገው አስቀመጡ። ተርቦቹ ወደዚያ ሄዱ። ከጭሱ ይልቅ የሠራው ይህ ይመስለኛል። ተርቡ የሚፈልገውን ሌላ ቦታ ሰጥቶ በሰላም መብላት ይቻላል።

ጳጉሜን 3፣ ወደ ካስቴሎሪዞ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት መልህቅ አነሳን። ካስቴሎሪዞ 70 የባሕር ማይል፣ ማለትም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

ፀሐይ ስትወጣ ረጃጅም ክንፍ ያላቸው ቡናማ የባሕር ወፎች አጀቡን። ሺርዋተር ይባላሉ። ክንፋቸውን ሳያራግቡ፣ ማዕበሉን ሊነኩት ትንሽ ሲቀራቸው እየተንሳፈፉ ይሄዳሉ። ካፒቴኑ ወፎቹን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ከኋላችን የሚጎተተውን የዓሣ ማጥመጃ ክር መሰብሰብ ነው። ሺርዋተር መንጠቆው ላይ ያለውን ማታለያ ዓሣ መስሎት ይጠልቅበታል።

ከተያዘስ ብዬ ጠየቅኳቸው። ክሩን በጥሶ መልቀቅ ከሁሉ የከፋው ነው አሉ፤ ክሩ ክንፉ ላይ ተጠምጥሞ በረሃብ ይገድለዋል። ቀስ ብሎ ስቦ ማስጠጋት፣ ራሱን ጨምሮ በፎጣ መሸፈን፣ ክንፎቹን ከጎኑ ጋር አጥብቆ መያዝ። መንጠቆው በመጣበት አይመለስም፤ ጫፉ በሌላኛው ወገን ብቅ እስኪል ገፍቶ፣ እሾሁን በፒንሳ ቆርጦ፣ ከዚያ ነው ወደ ኋላ የሚወጣው። ምንቃሩ ጣት ይቆርጣል፤ ጓንትና መነጽር ያስፈልጋል።

ከሰዓት ዶልፊኖች መጡ። ጀልባዋ አፍንጫ ስር ጥቂት ተጫውተው ሄዱ። ስለ ዶልፊን ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ እኔ አልፈዋለሁ።

ጳጉሜን 4፣ ካስቴሎሪዞ

ደሴቲቱ ከቱርክ ዳርቻ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ወደቧ ውስጥ የባሕር ኤሊዎች ይዋኛሉ። ምግብ ቤቶቹ ጠረጴዛ የሚዘረጉት ውሃው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ዓሣ እየበላችሁ ኤሊ ከእግራችሁ ስር ብቅ ብሎ ይተነፍሳል። ቱሪስቱ ፍርፋሪ ይወረውራል፣ ፎቶ ያነሳል።

እኔ ይህን ነገር አልወደድኩትም። ኤሊው ጀልባ ባየ ቁጥር ምግብ የመጣለት ይመስለዋል። ጀልባ ደግሞ ከስሩ የሚሽከረከር ስለት አለው። ወደብ ስንገባ ካፒቴኑ ሞተሩን ወደ ባዶ ማርሽ እየመለሱ፣ እህቴን ፊት አቁመው ውሃውን እያስቃኙ ነው በቀስታ ያስጠጉት። ከኋላችን የነበረ ጀልባ በችኮላ ጥሩምባ ነፋብን። ዘወር ብለው አላዩትም።

እዚህ ለሊት መወጣጫ ሳንቃው ይነሳል። በድመት ምክንያት ነው። የግሪክ ደሴት ድመት በሳንቃው ወጥቶ ኩሽና ይገባል። ምግብ መስረቁ ቀላል ነው። ደክሟት ጀልባ ላይ ያረፈች ወፍ ካለች ግን ድመት እንዳያት ያበቃላታል። "ከነገ በኋላ ድመት የሌለበት ጀልባ ያስፈልገናል" አሉ ካፒቴኑ። ለምን ከነገ በኋላ እንዳሉ አልጠየቅኩም።

ከሰዓት በትንሽ ጀልባ ሰማያዊው ዋሻ አፍ ድረስ ሄድን። የአካባቢው ሰው ፎክያሊ ይለዋል፤ "ሲል" የሚባለው ባሕር ውስጥ የሚኖር አጥቢ እንስሳ መጠለያ ነው። የሜዲትራንያን ሞንክ ሲል በዓለም ላይ ከአንድ ሺህ በታች ነው የቀረው። በጥበቃ ብዛት ቁጥሩ ትንሽ ስላንሰራራ በ2023 እ.ኤ.አ. የአደጋ ደረጃው ከነበረበት አንድ እርከን ዝቅ ብሏል። አንዳንዴ ወጣቶቹ ከጀልባ ኋላ ያለው መዋኛ ሳንቃ ላይ ወጥተው ይተኛሉ። ያኔ ባለጀልባው ዝም ብሎ መጠበቅ ነው ያለበት። አይገፋም፣ ውሃ አይረጭበትም፣ አይዳሰስም። ዋሻው ውስጥ አልገባንም። ሲልም አላየንም፤ ሰላም ላይ እንዲሆን ተመኝተን ተመለስን።

ጳጉሜን 5፣ ባሕር ላይ

ጠዋት ወደ ቆጵሮስ ተነሳን። እስከ ጳፉ 160 የባሕር ማይል ነው፤ አንድ ሌሊት ባሕር ላይ ማደር ግድ ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከኋላችን ስለነበር ቀኑን በደስታ ሄድን።

ሲመሽ ካፒቴኑ መብራት አስጠፉን። በሕግ የግድ የሚበሩት ቀዩ፣ አረንጓዴውና የኋላው ነጭ ብቻ ቀሩ። የካቢን መስኮቶች መጋረጃ ተዘጋ። የእጅ ባትሪያችን ቀዩን ብርሃን ብቻ እንዲያበራ ተደረገ። ሌሊት የሚጓዙ ወፎች በኮከብና በመሬት ማግኔት መንገዳቸውን ይይዛሉ፤ በጨለማ ባሕር ላይ ደማቅ መብራት ሲያዩ ግን ይዞርባቸዋል። ዙሪያውን ሲበሩ ያድራሉ፣ ወይ ከምሰሶና ከገመድ ይጋጫሉ።

አገር ቤት ችቦ የሚለኮስበት ማታ ነው። እኛ በጨለማ ተቀምጠን የቤተሰቡን ስም አንድ በአንድ እያነሳን አወራን። ከሰሜን በኩል፣ የቱርክ ተራሮች ላይ መብረቅ ብልጭ ይል ነበር።

መስከረም 1፣ ባሕር ላይ

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ነፋሱ ዞረ። ከደቡብ ምሥራቅ ፊት ለፊት መጣብን፤ ዝናብም ጣል አደረገ። ሸራውን በግማሽ አጥፈን አሳጠርነው። ካፒቴኑ ሰማዩን ቀና ብለው አዩና "ዛሬ እንግዳ አለን" አሉ።

ትንንሾቹ ስደተኛ ወፎች አብዛኞቹ የሚበሩት ሌሊት ነው። ምሽት ላይ ከቱርክ ዳርቻ ይነሳሉ። ግብፅ እስኪደርሱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር ነው። ከመነሳታቸው በፊት በልተው ስብ ያጠራቅማሉ፤ ነዳጃቸው እሱ ነው። ነፋስ ከኋላ ከገፋቸው ይበቃቸዋል። ፊት ለፊት ከዞረባቸው መሃል መንገድ ላይ ያልቅባቸዋል። ዝናብ ሲጨመር ዝቅ ይላሉ። ዝቅ ሲሉ የሚያገኙት ውሃ ነው፣ አለዚያም አንዲት ጀልባ።

ሲነጋጋ እህቴ ተራዋን ጨርሳ ልትተኛ ስትል አንዲት ወፍ እግሯ ስር አረፈች። ደረቷ ቢጫ፣ ረጅም ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ፣ ክብደቷ 17 ግራም ያህል የሆነች። ወዲያው አወቅኳት። ዝዋይ ሐይቅ ዳር በበጋ ከብቶቹ እግር ስር ዝንብ እያሳደደች የምትሮጠው ናት።

"ይቺ እኮ ወደ እኛ አገር ነው የምትሄደው!" አልኩ።

እህቴ አፏን በእጇ ያዘች። "በእንቁጣጣሽ? እውነትህን ነው?"

ከዚያ ሌላ መጣች። ከዚያ ሌላ። ፀሐይ በደንብ ስትወጣ ከሃያ የሚበልጡ ሳይሆኑ አይቀሩም። ጅራተ መቀሶቹ ጨረባዎች በታጠፈው ሸራ እጥፋት ውስጥ ተደርድረው ገብተዋል። ከ10 ግራም የማይበልጡ አረንጓዴ ቢጤ ወፎች ገመድ ጥቅል ውስጥ ተወሽቀዋል። አንዷ የካፒቴኑ ጫማ ላይ ተቀመጠች። ድካሙ ፍርሃታቸውን ወስዶት ነበር።

እህቴ ዳቦ ፈርፍራ መጣች። ካፒቴኑ በቀስታ መለሷት። "ልጄ፣ እነዚህ ዝንብ በሊታ ናቸው። ዳቦ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሆናቸውም።" ይልቅ የትናንቱን የሐብሐብ ልጣጭ አውጥተው ጥላ ስር አኖሩት። ከወደብ አብረውን የመጡ ዝንቦች ወረሩት። ትንሽ ቆይቶ አንዷ ቢጫ ወፍ ቆማ አየችው፣ ከዚያ ሮጣ አንዱን ቀለበች። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ድምጿን ዋጠችው።

ውሃ በጠርሙስ ክዳን አድርገን ነፋስ የማያገኘው ጥግ አስቀመጥን። አፋቸውን ከፍቶ ማጠጣት ክልክል ነው፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል። ከዚያ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው። የሰው ደግነት እጁ እንዲሠራ ይፈልጋል። እነዚህ ፍጥረታት ከእኛ የሚፈልጉት ግን እጃችንን እንድንሰበስብ ነው። ይህን ማድረግ ከባድ መሆኑን ያየሁት ዛሬ ነው።

አንዷ ትንሽ አረንጓዴ ካቢን ገባች። ማንም አላሳደዳትም። የአየር ማራገቢያውን አጠፋን፣ ምድጃውን ዘጋን፣ መስኮቶቹን ሁሉ በፎጣ ሸፍነን በሩን ብቻ ከፍተን ወጣን። ወፍ ወደ ብርሃን ነው የምትሄደው። ሰው እስኪርቅላት ጠብቃ ወጣች።

ወደ ረፋድ ነፋሱ ለዘብ አለ። ያጠፍነውን ሸራ በሙሉ መክፈት ይቻል ነበር። ሸራው ሲጎተት ግን እጥፋቱ ውስጥ ያሉት ጨረባዎች ይጨፈለቃሉ፣ አለዚያም ሳያርፉ ይበተናሉ። ካፒቴኑ ጨረባዎቹን አዩ፣ ሰዓታቸውን አዩ። "በግማሽ ሸራ እንሄዳለን" አሉ። ጳፉ የምንደርስበት ሰዓት ከማታ ወደ ንጋት ተዛወረ። ለጨረባ ብለው አንድ ሙሉ ሌሊት እንቅልፋቸውን ሰጡ። ከዚህ ጉዞ የማከብረው ውሳኔ ይህ ነው።

ሁሉም አልዳኑም። ገመድ ጥቅል ውስጥ የነበረችው አንዷ ቀትር ላይ ሞታ ተገኘች። ካፒቴኑ መዳፋቸው ላይ አድርገው የደረቷን አጥንት አሳዩኝ፤ በቆዳዋ ስር እንደ ቢላ ተስሏል። ስቡ ካለቀ በኋላ ጡንቻዋን እያቃጠለች ነው የመጣችው። ለባሕሩ ሰጠናት።

ከዚያ ጭልፊቱ መጣ። ጥቁር ቡናማ፣ ክንፈ ረጅም፣ ፈጣን። የኤሌኖራ ጭልፊት ነው። አብዛኛው የሚራባው በግሪክ ደሴቶች ነው፣ በቆጵሮስ የአክሮቲሪ ገደሎችም አለ። ሌሎች ወፎች በአውሮፓ ጸደይ ሲፈለፍሉ እሱ በአውሮፓ በጋ መጨረሻ ነው የሚፈለፍለው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጫጩቶቹ የሚያድጉት በእነዚህ ስደተኞች ሥጋ ነው። ስሙ የመጣው ከሰርዴንያዋ ገዢ ከአርቦሪያዋ ኤሌኖራ ነው። በ1392 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የጭልፊቶችን ጎጆ ከሚዘርፍ ሰው የጠበቀች ሴት ናት። እሱም ልጆቹ ሲያድጉለት እስከ ማዳጋስካር ይሰደዳል።

ጭልፊቱ ሁለት ጊዜ ዞረን። አንዷ ቢጫ ወፍ ደንግጣ ተነሳች፤ አየር ላይ ቀለባት። እህቴ ፎጣ አንስታ ጮኸች፣ አለቀሰችም። ካፒቴኑ "ለሁለቱም ዳኛ አይደለንም" አሏት። ትክክል ናቸው። ቢሆንም እህቴን አቅፌ ቆየሁ፤ ያንን ጩኸት ስህተት ነው ለማለት ልቤ አልፈቀደም።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነፋሱ እንደገና ወደ ሰሜን ምዕራብ ተመለሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋ ቢጫ ወፍ ተነሳች። ጀልባዋን አንዴ ዞራ ቀጥ ብላ ወደ ደቡብ ሄደች። ጨረባዎቹ አብረው ወጡ። ቀጥሎ ግብፅ አለ፣ ቀጥሎ ሰሐራ። እህቴ "በሰላም ግቡ" እያለች ሸኘቻቸው፤ ቡና አፍልታም ለሦስታችንም ቀዳች። ጥሩውን።

መስከረም 2፣ ጳፉ

በርናባስና ጳውሎስ የሰበኩባት ጳፉ የገባነው ንጋት ላይ ነው። አንዲት እንግዳ ቀርታለች። ትላንት ምሰሶ ገመድ ላይ የተጋጨች ዋኖስ ናት፤ ቀኝ ክንፏን ትጎትታለች። ካፒቴኑ በጓንት ይዘው፣ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው አስቀመጧት፤ ክዳኑንም ዘጉ። ጨለማ ወፍን ያረጋጋል። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን በሳሙና ታጠብን። የወፍ ጉንፋን በአውሮፓ የባሕር ወፎች ላይ ብዙ እልቂት ካደረሰ ወዲህ ይህን መዝለል አይቻልም።

የዋኖስ ነገር ያሳስበኛል። የምሥራቅ አውሮፓዎቹ የአውሮፓን ብርድ የሚያሳልፉት ሱዳንና ኢትዮጵያ ነው። በአደንና በእርሻ ለውጥ ቁጥራቸው እያሽቆለቆለ ስለሄደ በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት የተጋለጡ ተብለው ተመዝግበዋል። የቆጵሮስ የዱር እንስሳት አገልግሎት ሰው መጥቶ ካርቶኑን ተረከበን። ክንፏን ዘርግቶ አየና አጥንቷ አልተሰበረም አለ፤ ጥቂት ሳምንት ካረፈች ትበራለች።

ይኸው ሰው ስለ ወጥመዱ ነገረን። እዚህ ደሴት ላይ አናቷ ጥቁር የሆነችውን ትንሽ ዘማሪ ወፍ በመረብና በሙጫ በተቀባ እንጨት ይይዛሉ። አምቤሎፑሊያ ይሉታል፤ ተቀቅሎ ወይ ተጠብሶ በድብቅ በውድ ዋጋ ይሸጣል። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። በርድላይፍ ሳይፕረስ የተባለው ድርጅት መረቡን ዓመት በዓመት ይከታተላል፤ ኬፕ ፒላ የሚባለው የባሕር ዳርቻ አካባቢ ዋናው የወጥመድ ቦታ ነበር። ወፏ የእኛ ደጋ ዛፎች ላይ በበጋ የምትታየው ናት። ባሕሩን አሸንፋ መሬት ነክታ በሙጫ መያዝ! ሰውየው ሲናገር ድምፁ ውስጥ ድካም ነበረ፣ ግን ተስፋ የቆረጠ ሰው አልነበረም። መረቡ ከድሮው በጣም ቀንሷል፤ ሥራ ተሠርቶ ነው አለ።

ቀሪው ቀን ጽዳት ነው። የወፍ ኩስ ሸራ ይበላል፣ ቀለም ያቃጥላል፤ ከደረቀ ደግሞ አቧራው ይተነፈሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በውሃ ማራስ፣ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ማሸት ነው። በደረቁ መጥረግ የለም። ከምሳ በኋላ ሁሉም ነገር ንጹሕ ሆነ። ገመዱ ላይ የጠርሙሱን መከላከያ መለስን፣ መወጣጫ ሳንቃውን አነሳን።

ነገ ጠዋት ወደ ሊማሶል እንነሳለን። የነፋሱ ትንበያ እንደገና ከደቡብ ምሥራቅ ነው። ካፒቴኑ ለእህቴ አዲስ ሥራ ሰጥተዋታል፤ ሸራው ከመከፈቱ በፊት እጥፋቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትፈትሸው እሷ ናት።